ሎኮሞቲቩን ገና አትፍቱት፦ የጠረጴዛ ባቡር ለምን ይደናቀፋል?

የሞዴል ባቡር እየተንገጫገጨ ሲሄድ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል፣ አንድ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆሞ በጣት ሲገፋ ብቻ ሲነሳ፣ የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ካቻቢቴ ነው። ሽፋኑ ይነሳል፣ ሞተሩ ይነካካል፣ ጤነኛው ይበላሽና ተመልሶ ይዘጋል። ባቡሩም ያው መታጠፊያ ላይ ይቆማል።

ሎኮሞቲቩ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው መሆን ያለበት። ኤሌክትሪኩ ከሶኬት ተነስቶ ሞተሩ ጋ እስኪደርስ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች ቁጠሩ፦ ትራንስፎርመሩ፣ መቆጣጠሪያው፣ ሽቦው፣ ሽቦው ሐዲዱን የሚነካበት ነጥብ፣ የሐዲድ ማያያዣዎቹ፣ የሐዲዱ ገጽ፣ የመንኮራኩሩ ጠርዝ፣ ከመንኮራኩሩ ኤሌክትሪክ የምትለቅመው ቀጭን የነሐስ ምላስ፣ በመጨረሻም የሞተሩ ካርቦን። ከዚያ በሌላኛው ሐዲድ በኩል ይህንኑ ሁሉ እየነካ ይመለሳል። ከነዚህ ውስጥ ሎኮሞቲቩ ውስጥ ያሉት ጥቂቶቹ ናቸው፣ ለመፍታት ደግሞ ከባዶቹ።

የምጽፈው ስለ ኤች ኦ መጠን ነው፤ 1:87፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር፣ በ12 ቮልት ዲሲ የሚሠራ። ኤን (1:160፣ 9 ሚሊሜትር) ላለው ሰውም ነገሩ ያው ነው፤ ባቡሩ ቀላል ስለሆነ ግን ቆሻሻን ከኤች ኦ ይልቅ ይፈራል። ለገሃር ይገባ የነበረውን የጥንቱን የጅቡቲ ባቡር መሥራት የሚያምረው ሰው ካለ፣ የዚያ ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር በ1:87 ሲቀነስ 11.5 ሚሊሜትር ይመጣል፤ የሚያስፈልገው 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው። አዲሱ የጅቡቲ መስመርና የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግን 1,435 ሚሊሜትር ስለሆኑ 16.5 ላይ ልክክ ይላሉ።

በዝግታ ፈትሹ

ባቡሩን በፍጥነት አስኪዳችሁ «ጥሩ ይሄዳል» አትበሉ። ሲፈጥን በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው የናስ ክብደት ግፊቱን ይዞ ስለሚያሻግረው፣ ኤሌክትሪክ የሌለበት ቦታ አይታወቅም። ሎኮሞቲቩን ብቻውን፣ ያለ ፉርጎ፣ 1 ሜትር ለመጨረስ 1 ደቂቃ ገደማ በሚፈጅበት ፍጥነት ልቀቁት። ይህ በእውነተኛው መጠን በሰዓት 5 ኪሎሜትር፣ ማለትም የእግረኛ ፍጥነት መሆኑ ነው። በቆመበትና በተንቀጠቀጠበት ቦታ ሁሉ ከሐዲዱ ጎን ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ ድገሙት። ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ ካላችሁ በእሱም ድገሙ፤ ከሌላችሁ ለአንድ ከሰዓት ከሚያውቁት ሰው መዋስ ያዋጣል።

ሁለቱም እዚያው ቦታ ላይ ከቆሙ ሐዲዱ ነው። አንዱ የትም እየቆመ ሌላው የትም ካልቆመ ሎኮሞቲቩ ነው። ሁለቱም የትም የሚቆሙ ከሆነ ወይ ሐዲዱ ቆሽሿል ወይ መቆጣጠሪያው ደክሟል። መቆጣጠሪያው አጠገብ ደህና ሄዶ ወደ ጠረጴዛው ሌላ ጫፍ ሲሄድ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ነገሩ የሽቦና የማያያዣ ነው፤ ጨርቅና አልኮል አታባክኑ።

ቴስተር ብቻውን ይዋሻል

ቴስተሩን ሐዲዱ ላይ አሳርፎ 12 ቮልት ሲያይ «እዚህስ ደርሷል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቴስተር ግን ኤሌክትሪክ አይወስድም ማለት ይቻላል፤ በዛገና በላላ ማያያዣ በኩልም ቢሆን ሙሉውን ቮልት ያሳያል። እውነቱ የሚወጣው ጭነት ሲኖር ነው። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ባለ 12 ቮልት፣ 5 ዋት አምፖል ግዙ፤ የኋላ መብራት ላይ የምትገባዋ ትንሿ ማለቴ ነው። ወደ 0.4 አምፔር ትወስዳለች፣ ይህም አንድ የኤች ኦ ሎኮሞቲቭ ከሚወስደው ብዙ አይርቅም። ሁለት ሽቦ ሶልደር አድርጉባትና ጫፎቹን ሁለቱ ሐዲዶች ላይ ተጭናችሁ ያዙ፤ ቴስተሩም እዚያው ላይ ይረፍ።

መጀመሪያ ሽቦው ሐዲዱን በሚያገኝበት ቦታ ለኩና ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ በየ50 ሴንቲሜትሩ፣ በተለይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ማያያዣ በፊትና በኋላ ለኩ። ከመነሻው ቁጥር ከግማሽ ቮልት በላይ ከወረደ መንገድ ላይ የሚበላው ነገር አለ። አንድ ማያያዣ ላይ ድንገት ከወደቀ ጥፋተኛው እሱ ነው። ቀስ በቀስ እያነሰ ከሄደ ደግሞ ረጅም ሐዲድ በአንድ ሽቦ ብቻ እየመገባችሁ ነው ማለት ነው። ኒኬል ሲልቨር የሚባለው የሐዲድ ቅይጥ ኤሌክትሪክን የሚከለክለው ከንጹሕ መዳብ ከ15 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ሐዲድ ራሱን የቻለ ሽቦ ነው ብሎ መተማመን አያስኬድም።

በዲ ሲ ሲ (ሐዲዱ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል ኖሮት፣ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ያለች ዲኮደር የምትባል ሰሌዳ ትእዛዝ የምትቀበልበት ዲጂታል ዘዴ) ለሚሠሩ ሌላ ፈተና ይጨመራል፦ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ሁለቱ ሐዲዶች ላይ ጣል አድርጉ። የኃይል ማሠራጫው ወዲያው ራሱን ማጥፋት አለበት። ሳንቲሙ ተቀምጦበት ካልጠፋ ሽቦው ቀጭን ወይም ማያያዣው ደካማ ስለሆነ መሣሪያው አጭር ዙር መኖሩን አላወቀም፤ ባቡር እዚያ ቦታ ላይ ሲወድቅ ዲኮደሩን ወይም የመንኮራኩሩን ማቀፊያ ፕላስቲክ ሊያቃጥል ይችላል። ሳንቲሙን ከአንድ ሰከንድ በላይ አታቆዩት፣ ፈተናውንም በየሜትሩ ድገሙት።

ሽቦ

ሐዲዱ ሥር፣ ጠረጴዛውን ይዞ የሚዞር ሁለት ዋና ሽቦ ዘርጉ። ለቤት ኤሌክትሪክ የሚሸጠው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ለክፍል ውስጥ ሥራ በቂ ነው፤ ለትልቅ የዲ ሲ ሲ መስመር 2.5 ይሁን። ሁለት ቀለም ግዙ፣ ቀዩ ሁልጊዜ የውጭው ሐዲድ ይሁን፣ ሌላው የውስጡ። ስንፍና ይዟችሁ አንድ ቀለም ከዘረጋችሁ አንድ ቀን ጠረጴዛ ሥር ተጋድማችሁ ትፈልጉታላችሁ።

ልዩነቱ ስንት ነው ለሚል ቁጥሩ እነሆ። ባለ 1.5 ሽቦ 5 ሜትር ሄዶ 5 ሜትር ሲመለስ፣ በ1 አምፔር የሚጠፋው 0.12 ቮልት ገደማ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የስልክ ሽቦ ይኸው ርቀት 0.9 ቮልት ይበላል። ባቡሩ 3 ቮልት ላይ እየተሳበ ሳለ ከ3 ቮልት 0.9 ሲቀነስ ምን እንደሚሆን መገመት ነው።

ከዋናው ሽቦ ወደ ሐዲዱ የሚወጡት ቅርንጫፎች 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆኑ፣ ርዝመታቸውም ከ30 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። በየሜትሩ አንድ ጥንድ አውጡ፤ ትንንሽ ቁርጥራጭ ሐዲድ ከሆነ ቢያንስ በየሦስተኛው ቁራጭ። የማያያዣ ብረት የተሠራው ሁለት ሐዲድ አሰልፎ ለመያዝ ነው፤ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ትርፍ ሥራው ነው። በእውነተኛው የኤሌክትሪክ ባቡርም ቢሆን እንዲሁ ነው፦ ቀላል ባቡሩ ከላይ ካለው ሽቦ 750 ቮልት ዲሲ ይወስድና በሐዲዱ በኩል ይመልሳል። በእንዲህ ያሉ መስመሮች ሐዲዶች በብሎን ከተጋጠሙ በመጋጠሚያው ላይ የመዳብ ገመድ ከአንዱ ወደ ሌላው ይታሰራል፤ ብሎኑ ብቻ አይታመንም።

ሶልደር ለማድረግ ከ40 እስከ 60 ዋት የሆነ ብረትና ለኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው፣ ውስጡ ሙጫ ያለበት 0.8 ወይም 1 ሚሊሜትር ሶልደር ያስፈልጋል። ቧንቧ ሠሪ የሚጠቀምበትን አሲድ አትንኩ፤ ቆይቶ ሽቦውን በልቶ ይበጥሰዋል። የሐዲዱን የውጭ ጎን (መንኮራኩሩ የማይነካውን) በትንሽ ሞረድ ፋቁ፣ ሶልደር ቀቡት፤ የሽቦውንም ጫፍ እንዲሁ፤ ከዚያ ሁለቱን አነካክታችሁ ብረቱን ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ብቻ ጫኑ። ከነጥቡ ግራና ቀኝ እርጥብ ጥጥ ካስቀመጣችሁ ሙቀቱ ሐዲዱን ወደተሸከመው የፕላስቲክ አግዳሚ አይሄድም። ሶልደሩ ጠቋቁሮ ኳስ ከሠራ አልያዘም፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር ወይም ሐዲዱ አልጸዳም። ለዚህ ሥራ ዓይን አፋር የሆነ ሰው ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ሄዶ አምስት ደቂቃ ሲሠሩ ቢያይ ብዙ ይማራል።

ጠረጴዛና ሐዲድ

ማያያዣዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሶልደር ማድረግ የሚመክሩ አሉ፤ አልስማማም። መታጠፊያ ላይ ያሉትን አድርጉ፣ ምክንያቱም እዚያ ሐዲዱ ሊቃና እየታገለ መጋጠሚያውን ያጎብጣል። ቀጥታው ላይ ግን በየሜትሩ ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ተውና በሁለቱም በኩል ቅርንጫፍ ሽቦ አስገቡ። አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ብዙ ስለማይለዋወጥ ብረቱ ራሱ ብዙም አይለጠጥም፤ ለ1 ሜትር በ20 ዲግሪ ልዩነት እንኳ ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል። የሚንቀሳቀሰው እንጨቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጥቅምት ነፋስ ይደርቅና ይሸበሸባል፤ በበጋ ልክ የነበረው ሐዲድ ክረምት ላይ ይሳባል፣ በክረምት የተዘረጋው ደግሞ በበጋ ይጎብጣል።

ስለዚህ ኮምፔርሳቶውን ከላይም ከታችም ከጠርዙም ቫርኒሽ ወይም የዘይት ቀለም ቀቡት። አንድ ወገን ብቻ የተቀባ ኮምፔርሳቶ ካልተቀባው የባሰ ይጣመማል። ውፍረቱ 9 ሚሊሜትር ካነሰ ሥሩ በየ40 ሴንቲሜትሩ መደገፊያ ይፈልጋል። ቺፑድ ርካሽ ነው፣ ውኃ ሲነካው ግን ያብጣል አይመለስም። ለእግርና ለአቃፊ እርጥብ ባሕር ዛፍ አትጠቀሙ፤ እየደረቀ ሲሄድ ይጠመዘዛል። በየሰፈሩ ያለ ብረት በያጅ በ20 በ20 ሚሊሜትር አር ኤች ኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) የሚሠራው አቃፊ ቀጥ እንዳለ ይኖራል፤ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ለማውጣት ግን በሁለት ተከፍሎ በብሎን የሚገጥም ይሁን። እግሮቹ ሥር የሚዞር ብሎን አስገቡና በውሃ ልክ አስተካክሉ።

ሐዲዱን ለማየት አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በሌላው ሐዲዱ ደረጃ ላይ ዝቅ በሉ፤ ከወዲያ ጫፍ ላይ የስልክ ባትሪ መብራት ይብራ። ጎባጣው፣ የተሰበረው ማዕዘን፣ ከፍ ያለው መጋጠሚያ ሁሉ ወዲያው ይታያል። ከዚያ ጥፍራችሁን በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ሳቡ። ጥፍር የያዘው ቦታ መንኮራኩርም ይይዛል፤ በቀጭን ሞረድ ከላይና ከውስጥ ጠርዙ በትንሹ አለስልሱት። ሚስማር የተመታበትን አግዳሚም ተመልከቱ፦ ሚስማሩ በጣም ከጠለቀ አግዳሚው መሀሉ ወደ ታች ይጎብጥና ሁለቱን ሐዲዶች ያቀራርባል። በካሊብሮ ስትለኩ ከ16.5 በታች ከሆነ ሚስማሩን ትንሽ አውጡት።

ስለ መታጠፊያና ዳገት በአጭሩ። በግራ ከታጠፈ በኋላ ወዲያው በቀኝ የሚታጠፍ ሐዲድ ፉርጎን ይጥላል፤ በመካከላቸው ከረጅሙ ፉርጎ የማያንስ ቀጥታ አስገቡ። ዳገት በ100 ሴንቲሜትር ርዝመት ከ3 ሴንቲሜትር ከፍታ አይብለጥ፣ 2 ቢሆን ይሻላል፤ የዳገቱ መነሻና መድረሻ ደግሞ ድንገት ሳይሆን ቢያንስ በ30 ሴንቲሜትር ርዝመት ቀስ እያለ ይጀምር፤ አለዚያ የፊት መንኮራኩሮቹ ተንጠልጥለው ኤሌክትሪክ ያጣሉ።

መገንጠያ

አንዱን መስመር ለሁለት የሚከፍለው መገንጠያ የችግር ሁሉ መናኸሪያ ነው፤ ፕላስተር ከለጠፋችሁባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ እዚያ ቢሆኑ አይግረማችሁ። ሁለት የተለያዩ ጣጣዎች አሉት፤ ሰው ያምታታቸዋል።

የመጀመሪያው የተንቀሳቃሽ ምላሶቹ ነው። በብዙ መገንጠያዎች ምላሱ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከጎኑ ካለው ሐዲድ ጋር በመነካካት ብቻ ነው። አቧራ፣ ቀለም ወይም ለጠጠር የፈሰሰ ኮላ በመካከል ከገባ ምላሱ ይሞታል። የታጠፈ ወረቀት አልኮል አስነክታችሁ በምላሱና በሐዲዱ መካከል አስገቡ፣ ምላሱን በጣት ገፍታችሁ ወረቀቱን ሳቡ፤ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ለዘለቄታው ግን ከምላሱ ሥር ለስላሳ ቀጭን ሽቦ ሶልደር አድርጋችሁ ከጎረቤቱ ሐዲድ ጋር ማገናኘት ነው። ጥንቃቄ፦ ይህ የሚሆነው ምላሱ ከእምብርቱ ጋር በኤሌክትሪክ ካልተገናኘ ብቻ ነው። ከተገናኘ አጭር ዙር ትፈጥራላችሁ፤ አስቀድማችሁ ቴስተሩን በድምፅ (ሁለት ነገር ሲገናኝ በሚጮኽበት) ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ሁለተኛው እምብርቱ ነው፤ ሁለቱ የውስጥ ሐዲዶች ተገናኝተው የሚሾጡበትን ቦታ ነው እምብርት የምለው። በርካሹ ዕቃ ላይ ፕላስቲክ ስለሆነ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ኤሌክትሪክ የለውም። ከስምንት መንኮራኩር ኤሌክትሪክ የሚለቅም ረጅም ሎኮሞቲቭ ሳያውቀው ያልፋል፣ ባለ አራት መንኮራኩሯ ትንሽ ማሳለጫ ሎኮሞቲቭ ግን ትቆምበታለች። እምብርቱ ብረት ከሆነ ባለ ሦስት እግር ማይክሮ ስዊች ምላሱን ከሚገፋው ዘንግ ጋር ግጠሙ። የመሀሉ እግር ወደ እምብርቱ፣ ሁለቱ ዳርና ዳር እግሮች ወደ ሁለቱ የውጭ ሐዲዶች ይሂዱ። ከእምብርቱ በኋላ ባሉት ሁለት የውስጥ ሐዲዶች ላይ የፕላስቲክ ማያያዣ ማስገባት ግዴታ ነው፤ ያን ካልሠራችሁ ከወዲያ በኩል የሚመጣው ኤሌክትሪክ ይጋጭበታል። ባቡሩ እምብርቱን ሲነካ መቆጣጠሪያው ከጠፋ ሁለቱን የዳር ሽቦዎች አለዋውጡ።

አቧራ፣ ቡናና ዕጣን

መሀል አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው የሐዲድ ቆሻሻ የራሱ ጠባይ አለው። የመንገድና የግንባታ አቧራ በመስኮት ይገባል፤ እሱ ብቻውን ቢሆን በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ ነበር። የሚያጣብቀው የቤቱ ጭስ ነው። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ ቅባት አለው፣ ዕጣን ደግሞ ሙጫ ነው፤ ሁለቱም ሐዲዱ ላይ በዓይን የማይታይ ሽፋን ይጥላሉ፣ አቧራው እሱ ላይ ይለጠፋል፣ መንኮራኩሩ እየዳመጠ ያጠነክረዋል። በላዩ ላይ በመንኮራኩርና በሐዲድ መካከል በየቅጽበቱ የሚፈነጥቁ ጥቃቅን ብልጭታዎች ብረቱን ያቃጥሉና ጥቁሩ ነገር ይፈጠራል። ባቡሩ ያለው ቡና የሚፈላበት ሳሎን ውስጥ ከሆነ፣ ከረከቦቱ በፊት በሰፊ ፕላስቲክ አልብሱት። ጋቢና ነጠላ ለማልበሻ አይሆኑም፤ ክር ይጥላሉ፣ ክሩ የመንኮራኩር ዘንግ ላይ ይጠመጠማል።

ለማጽጃ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይሠራል፤ ቀሪው ውኃ ስለሆነ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተከታትላችሁ አድርቁት። የእጅ ሳኒታይዘር ግን አትጠቀሙ፣ ግሊሰሪን ስላለበት ቅባት ይተዋል። ቲነር የፕላስቲኩን አግዳሚ ያቀልጣል። አልኮል የከረረውን ቆሻሻ ካላስለቀቀው ጨርቅ ላይ ጥቂት ነጭ ጋዝ ነክራችሁ አሹት፣ ከዚያ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ በደረቅ ጥረጉ፤ መስኮት ይከፈት፣ ሽታው እስኪጠፋ ባቡር አይሂድ፣ ብልጭታ አለና። ጨርቁ የማይጥል ይሁን፤ ያረጀ ቲሸርት ጥሩ ነው። ጣት ላይ ጠምጥማችሁ ሳይሆን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አልብሳችሁ ሳቡት፤ ጣት የውስጡን ጠርዝ ይስታል፣ ቆሻሻው የሚከማቸው ደግሞ እዚያ ነው።

የብርጭቆ ወረቀትን በተመለከተ፦ አዲስ ሐዲድ ላይ በፍጹም። ጭረት ይተዋል፣ ጭረቱ የሚቀጥለው ቆሻሻ መቀመጫ ነው። ለዓመታት የተቀመጠ፣ አረንጓዴ የሆነ የናስ ሐዲድ ካልሆነ በቀር፤ እሱንም ከ1000 ቁጥር በላይ በሆነ ለስላሳ፣ በሐዲዱ ርዝመት አቅጣጫ ብቻ። በመጨረሻም ባልዛገ የማይዝግ ብረት ሮንዴላ ጎኑ ሐዲዱን እየዳመጠ ብዙ ጊዜ ሳቡበት፤ ጭረቱን ይደፍነዋል። የብረት ሱፍ ግን ወደ ጠረጴዛው አይቅረብ፤ ብናኙን የሞተሩ ማግኔት ይስበውና ሞተሩን ያቃጥላል።

ካጸዱ በኋላ ለስላሳ የሠዓሊ ግራፋይት በሐዲዱ የውስጥ ጠርዝ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚስቡ አሉ፤ ብልጭታውን ይቀንሳል፣ ይጠቅማልም። ዳገት ላይ ግን አታድርጉት፣ ሎኮሞቲቩ ይንሸራተታል።

ሐዲዱ ብቻ ጸድቶ መንኮራኩሩ ከቆሸሸ በአንድ ቀን ተመልሶ ይቆሽሻል። ለሎኮሞቲቩ፦ ሶፍት አልኮል አስነክታችሁ ሐዲዱ ላይ አጋድሙት፣ የሎኮሞቲቩ ግማሽ መንኮራኩሮች ሶፍቱ ላይ፣ ግማሾቹ ባዶ ሐዲድ ላይ ይሁኑ፤ በእጅ ያዙት፣ 6 ቮልት ገደማ ስጡት። ሶፍቱ ላይ ያሉት እየተሽከረከሩ ሁለት ጥቁር መስመር ይተዋሉ። ሶፍቱን ቀይራችሁ አዙሩት። የላስቲክ ቀለበት ያላቸውን መንኮራኩሮች ግን ብዙ አታስጠጡ፣ ላስቲኩ ይለጠጣል። የፉርጎዎቹ መንኮራኩር ፕላስቲክ ከሆነ ቆሻሻን የሚያዞሩት እነሱ ናቸው፤ ከተቻለ በብረት ተኩ።

አሁን ካቻቢቴውን አንሱ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፕላስተሩ ሲነሳ የማይሻለው ሎኮሞቲቭ ይከፈት። ከመክፈት በፊት ግን የመንኮራኩሮቹን የውስጥ ለውስጥ ርቀት በካሊብሮ ለኩ፤ 14.4 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ከጠበበ መገንጠያ ላይ ይወጣጣል፣ ሲወጣጣም ኤሌክትሪክ ይቋረጣል። ሁለቱን በጣት ይዛችሁ እያዞራችሁ በትንሹ አራርቁ፤ በቀጥታ መሳብ ዘንጉን ያጣምማል።

የነሐስ ምላሶቹ እያንዳንዱን መንኮራኩር መንካታቸውን በመብራት እዩ። መንካት ብቻ ነው፤ ከጫኑ እንደ ፍሬን ይይዛሉ። ጥርሶቹ ላይ ያለው ግራሶ ቡናማና ደረቅ ከሆነ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አውጡት፣ ለፕላስቲክ የሚሆን ግራሶ የክብሪት ራስ ያህል ብቻ መልሱ። ለዘንግ ማረፊያዎች የስፌት መኪና ዘይት፣ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ፤ ከዚያ የበለጠው ዞሮ ወደ ሐዲዱና ወደ ካርቦኑ ይሄዳል። የዛገ ብሎን ማላቀቂያ ስፕሬይ ዘይት አይደለም። በእያንዳንዱ የመንኮራኩር ዙር አንድ ጊዜ እኩል «ቅጭ» የሚል ከሆነ ዘንግ ላይ ያለ የፕላስቲክ ጥርስ ተሰንጥቋል፤ ኮላ አይዘውም፣ መቀየር ነው። አዲስ ሎኮሞቲቭ ደግሞ ያለ ጭነት በመካከለኛ ፍጥነት በእያንዳንዱ አቅጣጫ 30 ደቂቃ ያህል ይሂድ፣ ካርቦኑ ቅርጹን ይይዛል።

ፉርጎ ቀላል ሲሆን ይዘላል። ለኤች ኦ የአሜሪካኑ መመዘኛ 28 ግራም መነሻ፣ በየሴንቲሜትሩ 5.6 ግራም ይጨመራል፤ 15 ሴንቲሜትር ፉርጎ 112 ግራም ሊሆን ይገባል ማለት ነው። የጎደለውን በዳዶ ወይም ጎሚስታ ቤት በሚገኝ የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ሙሉ፤ ወለሉ ላይ፣ ወደ መሀል። እርሳስ ከነካችሁ እጅ ታጠቡ።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው መቆጣጠሪያ 120 ቮልት ነው። የሶኬት ጫፍ የምትቀይረው አስማሚ ቮልት አትቀንስም፤ 220 ላይ ስትሰካ ይቃጠላል። ከ100 ቪኤ የማያንስ መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። እኛ ጋ 50 ኸርዝ ስለሆነ ለ60 የተሠራው ትራንስፎርመር ትንሽ ይሞቃል፤ ሸፍናችሁ አታስቀምጡ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያው ግፊት ለዲኮደር ጠላት ነው።

ሐዲዱም መንኮራኩሩም ጸድቶ ባለ አራት መንኮራኩሯ ሎኮሞቲቭ አሁንም እምብርቱ ላይ የምትንቀጠቀጥ ከሆነና በዲ ሲ ሲ የምትሠሩ ከሆነ፣ ዲኮደሩ ላይ ለዚሁ በተዘጋጁት ሁለት ነጥቦች ካፓሲተር ይጨመራል። ቦታው ከፈቀደ ከ1000 እስከ 2200 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት የሚችል ይሁን፤ 16 የሚለው ለዲ ሲ ሲ ቮልት በጣም ይጠጋል። ከካፓሲተሩ በፊት 100 ኦም ሬዚስተርና ከሬዚስተሩ ጋር ጎን ለጎን ዳዮድ ይገባሉ፤ ሬዚስተሩ ሲሞላ ያቀዘቅዘዋል፣ ዳዮዱ ሲለቅ በሙሉ ኃይል ያስወጣዋል። የነጩ ሰረዝ ወገን የካፓሲተሩ ኔጋቲቭ ነው፤ ተገልብጦ ከተሰካ ይፈነዳል።